12.5 ኪሎ ዓሣ ዲባገር ውስጥ ሲገባ ለምን ዜሮ ይመስላል?

ጥያቄው የደረሰኝ እዚሁ ሀዋሳ ካለች አንዲት ወጣት ፕሮግራመር ነው። አሳጥሬ፣ በቅንፍ ማብራሪያ ጨምሬ ላስቀምጠው፦

«ጋሼ ሰላም ነዎት? አሞራ ገደል ለሚሠሩ ዓሣ አስጋሪዎች ዲጂታል ሚዛን እየሠራን ነው። ሚዛኑ ውስጥ አርዱዊኖ ኡኖ (ትንሽ የኮምፒዩተር ሰሌዳ) አለ። የሚዛኑን ቁጥርና ክብደቱን በዩኤስቢ ገመድ ወደ ላፕቶፕ ይልካል። ላፕቶፑ ላይ በሲ ፕላስ ፕላስ የጻፍኩት ፕሮግራም ይቀበላል። ስትራክቱ (የመልእክቱ አባላት የሚደረደሩበት ቅርጽ) ሁለቱም ጋ አንድ ነው፤ መጀመሪያ ባለ 16 ቢት የሚዛን ቁጥር፣ ቀጥሎ ክብደቱ በደብል (ነጥብ ያለው ቁጥር የሚይዝ ሰፊ ዓይነት)። አርዱዊኖው ጋ 12.50 ይላል። ላፕቶፑ ላይ በጂዲቢ (ፕሮግራምን አስቁሞ ውስጡን በሚያሳይ ዲባገር) ሳየው ግን ከነጥብ በኋላ ሦስት መቶ ምናምን ዜሮ ያለው ቁጥር ይመጣል። ያንኑ ቦታ እንደ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ሳየው ደግሞ 1095237632። ሌላም አለ። የሳህኑን ክብደት በፍሎት (በጠባቡ ባለ ነጥብ ዓይነት) 0.1 ብዬ ሰጥቼው 0.100000001 ያሳየኛል። ‹0.1 ሲሆን ቁም› ያልኩት ብሬክፖይንትም (ፕሮግራሙን የሚያስቆም ምልክት) ቆሞ አያውቅም። የተበላሸው ዲባገሩ ነው ወይስ እኔ? በየትኛው ፎርማት ነው ማየት ያለብኝ?»

ዲባገሩም ደህና ነው፣ አንቺም ደህና ነሽ። የተጣላው ሌላ ነገር ነው። እሱን ከማሳየቴ በፊት ግን አንድ ነገር እንስማማ። ዲባገር ሜሞሪ ውስጥ ቁጥር አያገኝም፤ የሚያገኘው ባይት (የስምንት ቢት ጥቅል) ነው። ባይቱን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ኮምፓይለሩ (ኮድሽን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው) «እዚህ ቦታ ደብል አለ» ብሎ በጻፈለት መረጃ ላይ ተማምኖ ነው። መረጃው ከእውነታው ጋር ካልገጠመ ዲባገሩ አያጉረመርምም፤ የማይረባውንም ቁጥር በሙሉ ልብ ያትምልሻል። ስለዚህ «በየትኛው ፎርማት ልየው?» ከማለትሽ በፊት «እዚያ ያለው የትኛው ባይት ነው?» በይ።

እሺ፣ ባይቶቹን እንይ። ጂዲቢ ውስጥ ለዚህ የሚሆነው ትእዛዝ «ኤክስ» ነው። ኤክስ፣ ስላሽ፣ 16ኤክስቢ፣ ከዚያ የስትራክቱ አድራሻ። አሥራ ስድስት ባይት አንድ በአንድ በሄክስ (በ16 መሠረት ቁጥር) አሳየኝ ማለት ነው። (ትእዛዞቹን በድምፃቸው ነው የምጽፍልሽ፤ ኪቦርዱ ላይ በላቲን ፊደል ትጽፊያቸዋለሽ።) ቪኤስ ኮድ ውስጥ ከሆንሽ ዲባግ ኮንሶሉ ላይ ፊቱ «-ኤክሴክ» ጨምረሽ ያንኑ ጻፊ።

የሚዛንሽ ቁጥር 7 ነው እንበል፤ ሳህኑ ላይ ያለውም 12.5 ኪሎ። ከነገርሽኝ ምልክት ተነስቼ የምታገኚው ይህ ነው፦

07 00 00 00 48 41 07 00 00 00 48 41 07 00 00 00

እስኪ ደግመሽ እዪው። በየስድስት ባይቱ ይደጋገማል። 07 00 የሚዛኑ ቁጥር ነው፤ 00 00 48 41 ክብደቱ። ስድስት ባይት አንድ መልእክት ነው። ላፕቶፕሽ ግን አንዱን መልእክት 16 ባይት ነው ብሎ ያምናል። ሁለት ሙሉ መልእክትና የሦስተኛውን ሁለት ሲሶ አንድ ላይ እየዋጠ ነው።

ምክንያቱ ሁለት ነው፤ ሁለቱም ከዲባገሩ ጋር አይገናኙም። አንደኛ፣ ኡኖ ላይ ደብል የሚባለው ነገር ደብል አይደለም። ኡኖ ላይ ያለው ባለ 8 ቢት ቺፕ ነጥብ ያለው ቁጥር የሚያሰላ ሃርድዌር የለውም፤ ሁሉን በሶፍትዌር ነው የሚሠራው። ኮምፓይለሩም ሸክሙን ለማቅለል ደብልን እንደ ፍሎት በ4 ባይት ይይዘዋል። ላፕቶፕሽ ላይ ደብል 8 ባይት ነው። ሁለተኛ፣ ላፕቶፑ ደብልን በ8 ከሚካፈል አድራሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ከሁለቱ ባይት የሚዛን ቁጥር በኋላ ስድስት ባዶ ባይት ይተዋል፣ ከዚያ ስምንቱን ባይት ያስከትላል፤ ድምሩ 16። ኡኖ ክፍተት አይተውም። 2 ሲደመር 4፣ ስድስት፤ አለቀ።

አሁን የዲባገሩን ቁጥር ተከተይው። ላፕቶፑ ክብደቱን ከስምንተኛው ባይት ጀምሮ ይፈልጋል፤ መቁጠር ከዜሮ ይጀምራልና። እዚያ ያለው 00 00 48 41 07 00 00 00 ነው። ላፕቶፑ ትንሹን ባይት የሚያስቀድም ሊትል ኢንዲያን ስለሆነ ከኋላ ወደ ፊት ያነበዋል። የቁጥሩን መጠን የሚወስኑት የላይኞቹ ባይቶች ዜሮ ሆነው ተገኙ። ዜሮ ኤክስፖነንት (የ2 ኃይል የሚቀመጥበት ክፍል) ያለው ደብል ደግሞ እጅግ ደቃቅ ቁጥር ነው፤ በዚህ ምሳሌ ከነጥብ በኋላ 312 ዜሮ፣ ከዚያ 154 የሚል። ያየሽው «ሦስት መቶ ምናምን ዜሮ» ይኸው ነው።

1095237632ስ? እሱ የክብደቱ የመጀመሪያ አራት ባይት እንደ ኢንቲጀር ሲነበብ ነው። በሄክስ 41480000። ያንኑ አራት ባይት ዲባገሩን «እንደ ፍሎት አንብብልኝ» በይው። የክብደቱን አድራሻ ወደ ፍሎት ፖይንተር ካስት አድርገሽ (እዚህ አድራሻ ያለው ፍሎት ነው ብለሽ) ፊቱ ላይ ኮከብ ጨምሪና ፕሪንት በይ። 12.5 ይልሻል።

እዚህ ጋ ቆም በይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። 12.5 አገኘሁ ብለሽ ደስ ብሎሽ ኮድሽ ውስጥ ያንኑ ካስት እንዳትለጥፊ። ያገኘሽው 12.5 የሁለተኛው መልእክት ክብደት ነው፤ የሚዛን ቁጥሩ ግን የመጀመሪያው ነው። ሳህኑ ላይ አንድ ዓሣ ብቻ ተቀምጦ ስለሆነ የሞከርሽው ልዩነቱ አልታየሽም። ገበያው ሞቅ ብሎ ቆሮሶና አምባዛ እየተፈራረቀ ሲመዘን ግን ከሦስቱ መልእክቶች ሁለቱ ሳይታዩ ይጠፋሉ። የቀረው አንዱም ሁልጊዜ በዚያው ቦታ አይገኝም።

አርባ አንድ አርባ ስምንት እንዴት 12.5 እንደሚሆን በእጅሽ አንድ ጊዜ ማስላት ይጠቅምሻል። 12.5 በሁለትዮሽ 1100.1 ነው። ነጥቡን ሦስት ቤት ወደ ግራ ብትገፊው 1.1001 በ2 ኃይል 3 ይሆናል። ፍሎት 32 ቢት አለው፤ 1 ለምልክት፣ 8 ለኤክስፖነንት፣ 23 ለቀሪው። ኤክስፖነንቱ ላይ 127 ይደመራል፤ 3 ሲደመር 127፣ 130፤ በሁለትዮሽ 10000010። የፊተኛው 1 ሁልጊዜ ስላለ አይጻፍም፤ 1001 ብቻ ይቀራል። አስከትለሽ ጻፊው፦ 0፣ 10000010፣ 1001፣ ከዚያ ዜሮ በዜሮ። በአራት በአራት ስትቆርጪው 4148 ይወጣል። ደብልም ያው ነው፤ 11 ቢት ለኤክስፖነንት፣ 52 ለቀሪው፣ የሚደመረው 1023። በደብል 12.5 በሄክስ 4029 ሆኖ አሥራ ሁለት ዜሮ ይከተለዋል። ይህ አሠራር በ1985 አይትሪፕልኢ 754 በሚባለው መስፈርት የጸደቀ ነው። ከጀርባው ዋናው ሰው ዊልያም ካሃን ነበር፤ በ1989 የቱሪንግ ሽልማትን አግኝቶበታል።

ይህን ካወቅሽ ዲባገር ላይ የሚታይ የተበላሸ ቁጥር ራሱ መናገር ይጀምራል። ከ1 እስከ 1000 ያለ ፍሎት በስህተት እንደ ኢንቲጀር ቢነበብ ከ1065353216 እስከ 1148846080 ባለው መካከል ነው የሚወድቀው። አንድ ቢሊዮን ከምናምን ሚሊዮን ያለ ኢንቲጀር ካየሽ መጀመሪያ ፍሎት ነው ብለሽ ጠርጥሪ። በተቃራኒው ትንንሽ ኢንቲጀር እንደ ፍሎት ሲነበብ ለዜሮ የቀረበ ደቃቅ ይሆናል። ደብል ሆኖ እንደ ፍሎት ሲነበብ ደግሞ ብዙ ጊዜ ድፍን ዜሮ ነው የሚታየው፤ 12.5ን የመሰለ ቁጥር በደብል ሲቀመጥ የታችኞቹ አራት ባይቶች ባዶ ናቸውና። የላይኞቹን አራት እንደ ፍሎት ብታነቢ 2.640625 ነው የምታገኚው፤ «ትንሽ የተሳሳተ ክብደት» መስሎ ሰው የሚያታልለው እንዲህ ያለው ነው። ሎድ ሴሉን (ክብደት የሚለካውን ሴንሰር) እንደገና ካሊብሬት ሲያደርግ፣ ልኬቱን ሲያስተካክል የሚውል አለ!

የባይት ቅደም ተከተል የአንቺ ችግር አይደለም፤ ኡኖውም ላፕቶፑም ሊትል ኢንዲያን ናቸው። ግን ኢንዱስትሪ ፓርኩ አካባቢ ከኃይል ቆጣሪ ጋር በሞድባስ (የኢንዱስትሪ መሣሪያዎች መረጃ በሚለዋወጡበት ደንብ) የምትሠሩ ልጆችም ስለምታነቡ ልበል። ሞድባስ ባለ 16 ቢት ሬጅስተር (የቁጥር ማስቀመጫ) ነው የሚያውቀው። ፍሎት በሁለት ሬጅስተር ይላካል፤ የቱ ይቅደም የሚለውን መስፈርቱ አልወሰነም፣ ለአምራቹ ተትቷል። 4148 0000 በ0000 4148 ከተገለበጠ ከነጥብ በኋላ 40 ዜሮ ያለው ቁጥር ይወጣል። ሁለቱን ሬጅስተር ቦታ አቀያይሩ፤ በዚያው ያልቃል።

አሁን ወደ 0.1። ይሄ ሙሉ በሙሉ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚህ የተበላሸ ምንም ነገር የለም። አንድ ሦስተኛ በአስርዮሽ 0.333 እያለ እንደማያልቅ ሁሉ አንድ አሥረኛም በሁለትዮሽ አያልቅም። 23 ቢት ላይ ሲቆረጥ የሚቀመጠው ቁጥር በትክክል 0.100000001490116119384765625 ነው። ጂዲቢ ለፍሎት 9 አሃዝ፣ ለደብል 17 አሃዝ ያሳያል። ቁጥሮቹ በዘፈቀደ የተመረጡ አይደሉም። ማንኛውንም ፍሎት ወደ ጽሑፍ ቀይረሽ መልሰሽ ስታነቢው ያንኑ ቢት ለማግኘት 9 አሃዝ ይበቃል፤ ከዚያ ካነሰ አንዳንዶቹ ይምታታሉ። ዲባገር ማምታታት የለበትም። አርዱዊኖው «0.10» የሚልሽ ደግሞ የሴሪያል ፕሪንት ትእዛዝ ካልነገሩት በቀር ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ ብቻ ስለሚያትም ነው። ያው ቁጥር ነው፤ አንዱ ለሰው ያሳምረዋል፣ ሌላው እንዳለ ያቀርበዋል። እኔ ዲባገር ላይ እንዲያምርልኝ አልፈልግም።

ብሬክፖይንቱ ያልቆመውም በዚሁ ነው። የሳህኑ ክብደት ፍሎት ነው። አንቺ ቅድመ ሁኔታው ላይ የጻፍሽው 0.1 ግን ምንም ካልተጨመረበት ደብል ነው። ጂዲቢ እንደ ሲ ቋንቋ ፍሎቱን ወደ ደብል ያሳድግና ያወዳድራል። አንዱ በ23 ቢት የተቆረጠ 0.1 ነው፣ ሌላው በ52። እኩል አይደሉም፣ ሊሆኑም አይችሉም። ከ0.1 ኋላ ትንሿን «ኤፍ» ፊደል ጨምሪበት፤ ያኔ ይቆማል። ከሒሳብ ለወጣ ውጤት ግን ያም አያስተማምንም። «ከ0.099 በላይ እና ከ0.101 በታች ሲሆን» በይ።

ቁጥር ያልሆነ ቁጥር፣ ማለትም ናን፣ የሚመጣበትን ቦታ ለማደንም ብሬክፖይንት ይሆናል። ናን ከራሱ ጋር እንኳ እኩል አይደለም። ስለዚህ «ክብደት ከክብደት ጋር እኩል ካልሆነ ቁም» የሚለው እብደት የሚመስል ቅድመ ሁኔታ በትክክል ይሠራል። የካሊብሬሽን ቁጥሩ ዜሮ ሆኖ ዜሮን ለዜሮ ስታካፍዪ ይመጣል። ላፕቶፑ ላይ ፊቱ የመቀነስ ምልክት ኖሮት ብታዪው አትደንግጪ፤ የኢንቴል ዘር ፕሮሰሰሮች ናን ሲፈጥሩ የምልክቱን ቢት 1 ያደርጉታል። ትርጉም የለውም።

ፎርማቱን በተመለከተ አንድ ወጥመድ አለ። ፕሪንት ስላሽ ኤክስ ብለሽ በፍሎት የተቀመጠ 12.5ን በሄክስ ስትጠይቂ የቆየ ጂዲቢ መጀመሪያ ወደ ሙሉ ቁጥር ይቀይረዋል። ነጥብ አምስቱን ጥሎ የ12ን ሄክስ ይሰጥሻል። አዲሶቹ ግን ቢቱን እንዳለ ያሳያሉ፤ 41480000። ያው ትእዛዝ፣ ሁለት መልስ። ላብ ውስጥ ያለው ኮምፒዩተርና የአንቺ ላፕቶፕ የተለያየ ቢሉሽ ይህን አስቢ። «ኤክስ» ትእዛዝን ባይት በባይት ብትጠቀሚ ይህ አይነካሽም፤ እኔ ሁልጊዜ የምመክረው እሱን ነው። ቪዥዋል ስቱዲዮ የምትጠቀሙ የሜሞሪ መስኮቱን ከፍታችሁ በቀኝ ክሊክ ባለ 32 ቢት ወይም ባለ 64 ቢት ፍሎት አድርጎ እንዲያሳይ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ያም ደህና ነው።

ሎንግ ደብል የሚባለውን ሌላ ባለ ነጥብ ዓይነት ግን አትንኪው። ኮምፒዩተሮችና ኮምፓይለሮች በመጠኑ አልተስማሙም። ሊኑክስ ባለው ኢንቴል ላፕቶፕ ላይ ባለ 80 ቢት ነው፤ በ1980 ከወጣው 8087 ከሚባለው የኢንቴል ቺፕ የተወረሰ። 10 ባይት ሆኖ ሳለ 16 ባይት ቦታ ይይዛል። የማይክሮሶፍት ኮምፓይለር ጋ ከደብል ጋር አንድ ነው። ባለ 64 ቢት አርም ሊኑክስ ላይ ሙሉ 128 ቢት ነው። በገመድ ይላካል ብሎ ማሰብ ራሱ ራስ ምታት ነው።

ወደ ጥገናው። መጀመሪያ ላፕቶፑ ላይ «ፒታይፕ ስላሽ ኦ» ብለሽ የስትራክቱን ስም ስጪው። እያንዳንዱ አባል ከስንተኛው ባይት እንደሚጀምር ያሳይሻል፤ መሃሉ ላይ ያለውን የስድስት ባይት ክፍተትም ይነግርሻል። በዓይንሽ ስታዪው ይሻላል።

ከዚያ ደብልን ከመልእክቱ ውስጥ አውጪው። በፍሎት ብትተኪው ኡኖው 6 ባይት እንደሚልክ ይቀጥላል፣ ላፕቶፑ ግን አሁንም ሁለት ባይት ክፍተት ትቶ 8 ይጠብቃል፤ ግማሽ መንገድ ነው። የኔ ምርጫ ሌላ ነው። ክብደቱን በግራም አድርገሽ በባለ 32 ቢት ኢንቲጀር ላኪው። 12.5 ኪሎ 12500 ግራም ነው። ሎድ ሴሉን የሚያነበው ቺፕ ራሱ ባለ 24 ቢት ኢንቲጀር ነው የሚሰጥሽ፤ ፍሎት ወደ መሃል የገባው በካሊብሬሽኑ ነው። ላፕቶፑ ላይም ስድስቱን ባይት ወደ ባይት ድርድር ተቀበይና እያንዳንዱን አባል ለብቻው በሜምኮፒ ቅጂ። የፖይንተር ካስት ዲባገር ውስጥ ለማየት ይሁን፤ ኮድ ውስጥ ግን ኮምፓይለሩ ሲያመቻች ያልጠበቅሽውን ሊያደርግ ይችላል።

መልእክቱ የት እንደሚጀምር የሚያሳይ አንድ ሁለት ባይት ምልክትና መጨረሻው ላይ ማረጋገጫ ድምር ጨምሪ። ያለዚያ ገመዱ ተነቅሎ ሲሰካ ከመሃል ልታነቢ ትችያለሽ፤ ያኔ ከላይ ያልኩሽ ሁሉ እንደገና ይመጣል።

ኮዱ ላይ ኮምፓይል ሲደረግ የስትራክቱን መጠን የሚፈትሽ ስታቲክ አሰርትም አስገቢ። ይህን የምልሽ ለአንድ ምክንያት ነው። ነገ ኡኖውን በ2023 በወጣው ኡኖ አር4 ብትተኪው እሱ ባለ 32 ቢት አርም ነው። ደብሉ 8 ባይት ነው፤ ክፍተቱንም እንደ ላፕቶፑ ይተዋል። የድሮው ስትራክትሽ ምንም ሳትነኪው ድንገት ይሠራል። ከዚያ አንዱ ሚዛን ሲበላሽ የድሮውን ኡኖ መልሰሽ ትሰኪና ጉዱ ይጀምራል።

ገንዘቡንም በኢንቲጀር አስይው፣ በሳንቲም። የቀኑን ድምርም እንዲሁ። ፍሎት እስከ 16777216 ድረስ ብቻ ነው እያንዳንዱን ሙሉ ቁጥር የሚይዘው። በግራም ስትደምሪ 16 ቶን ከ777 ኪሎ ሲያልፍ ከዚያ በኋላ አንድ ግራም ብትጨምሪበት ድምሩ ላይነቃነቅ ይችላል። ለአንድ ቀን ብዙ ነው፤ ለዓመት ድምር ግን የአስጋሪዎቹ ማህበር እዚያ ይደርሳል።

የመጨረሻ ነገር፣ ይህን ስትፈትሺ ፕሮግራሙን ያለ ማመቻቸት፣ በኦ ዜሮ ኮምፓይል አድርጊው። ካለበለዚያ ክብደቱ ሜሞሪ ውስጥ ላይኖር ይችላል፤ ዲባገሩ «ኦፕቲማይዝድ አውት» ይልሻል፣ ወይ ፕሮሰሰሩ ራሱ ውስጥ ባለ ሬጅስተር ይደበቃል። ኤክስኤምኤም 0 የሚባለውን ሬጅስተር ብታትሚ ጂዲቢ ያንኑ 16 ባይት እንደ አራት ፍሎት፣ እንደ ሁለት ደብል፣ እንደ ኢንቲጀርም ደርድሮ ያቀርብልሻል። የትኛው እንደሆነ ስለማያውቅ ሁሉንም ይሰጥሻል፤ መምረጡ የአንቺ ነው።

ከዚህ በኋላም ካልተስተካከለ አሥራ ስድስቱን ባይት፣ በሁለቱም ወገን የስትራክቱን መጠን፣ ሚዛኑ ላይ ያስቀመጥሽውን ትክክለኛ ክብደትም ላኪልኝ። ስክሪንሾት አያስፈልግም፣ ቁጥሮቹን ብቻ።